ጥሩምባው አላቆም ሲል፦ መቆጣትና ካንሰር ምን ያገናኛቸዋል?

ድሮ ፒያሳ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ እናት ባለፈው ሳምንት የምሠራበት ላብራቶሪ ድረስ መጡ። ሰፈሩ ሲነሳ እሳቸው ራቅ ያለ ቦታ ነው የደረሳቸው፣ ዕድራቸውን ግን አልለቀቁም፣ ለቅሶ ካለ አሁንም ሁለት ታክሲ ቀያይረው ይመጣሉ። በአንድ እጃቸው የደም ምርመራ ውጤት፣ በሌላው ፌስታል ውስጥ ቢጫ ዱቄት ያለበት ቆርቆሮ ይዘዋል። ወረቀቱ ላይ ሲአርፒ የሚል አለ፣ ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ነው፣ ቁጥሩ 38፣ ጎኑ ላይ ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ተደርጎበታል። ቆርቆሮውን ልጃቸው ናት ቲክቶክ ላይ አይታ የገዛችላቸው፣ «ኢንፍላሜሽን የካንሰር እናት ነው፣ ይሄ ደሞ ኢንፍላሜሽንን ከሥሩ ይነቅላል» ተብላ። ኢንፍላሜሽን የሚሉት የሰውነት መቆጣትን ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጀምሮኛል ማለት ነው?» አሉኝ። ታናሽ እህታቸውን አምና በጡት ካንሰር ነው የቀበሩት።

ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ሥራ ስጨርስ ወደ ፖስታ ቤት ወርደን አንድ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ይዘን አንድ ሰዓት ያህል አወራን። እሳቸውን አስፈቅጄ እዚህ የምጽፈው ይሄው ጥያቄ በተለያየ መልኩ በየቀኑ ስለሚመጣብኝ ነው። መቆጣትና ካንሰር ይገናኛሉ፣ እሱ እውነት ነው። እንዴት እንደሚገናኙ ግን ቲክቶክ ላይ ከሚባለው በጣም ይለያል፣ ልዩነቱ ደሞ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያጠፋበት ቦታ ነው።

ሳይቶካይን የሚባለው ነገር ምንድነው?

ኮሮና ጊዜ ዜና ላይ «የሳይቶካይን ማዕበል» ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሳይቶካይን ማለት ሴሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ትንሽዬ ፕሮቲን ነው። አንድ ሴል ሲጎዳ ወይ ባክቴሪያ ሲያገኘው ይሄን ፕሮቲን ሠርቶ ወደ ውጪ ይለቀዋል፣ ፕሮቲኑ እዛው አካባቢ ወይ በደም ተጉዞ ሌላ ሴል ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ይገጥማል፣ ያ ሴል ደሞ በተነገረው መሠረት ይነሳል ወይ ይራባል ወይ ይሞታል።

እሳቸው በደንብ የገባቸው በዕድር ጥሩምባ ሳስረዳቸው ነው። ሰው ሲያርፍ ጥሩምባ ነፊው በለሊት ተነስቶ ሰፈሩን እየዞረ ይነፋል፣ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል። ድምፁን መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማዋል፣ የሚነሳው ግን የዕድሩ አባል ነው፣ ያ እንግዲህ ተቀባይ ያለው ሴል ማለት ነው። ድንኳን ይመጣል፣ አግዳሚው ይመጣል፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ይመጣል፣ እንጨት የሚፈልጠው ይፈልጣል ንፍሮ የሚቀቅለው ይቀቅላል፣ ከዛ ሰልስቱ ሲወጣ ድንኳኑ ይፈርስና ዕቃው ተቆጥሮ ወደ ዕድሩ ቤት ይመለሳል። ጥሩምባው ሳይቶካይን ነው፣ የሚሰበሰበው ሰው ነጭ የደም ሴል ነው፣ ጠቅላላው ግርግር ደሞ መጽሐፍ ላይ ብግነት የሚባለው፣ እኛ ቶንሲሉ ተቆጥቷል ጨጓራው ተቆጥቷል የምንለው ነው።

ጥሩምባው ብዙ ዓይነት ነው። ኢንተርሉኪን የሚባሉት በቁጥር ይጠራሉ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ 6፣ 8፣ 10 እያለ ይቀጥላል። ቲ ኤን ኤፍ የሚባል አለ፣ ኢንተርፌሮን አለ፣ «ኑ በዚህ በኩል» እያሉ አቅጣጫ የሚያሳዩ ኬሞካይን የሚባሉም አሉ። ሲታመሙ የሚያተኩሳችሁ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲ ኤን ኤፍ አንጎልን ሙቀት ጨምር ስለሚሉት ነው። ኢንተርሉኪን 6 ጉበት ጋ ሲደርስ ደሞ ጉበት ሲአርፒ የሚባል ሌላ ፕሮቲን በብዛት መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ ሲአርፒ የሆነ ቦታ ጥሩምባ እየተነፋ መሆኑን ይነግረናል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይናገርም።

መቆጣት በራሱ መጥፎ ነው እንዴ?

አይደለም፣ ይሄ በጣም መያዝ ያለበት ነጥብ ነው። ሽንኩርት ስትከትፉ ጣታችሁን ብትቆርጡ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች ኬልሰስ የሚባል ሮማዊ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ጽፏቸዋል፣ ዛሬም የሕክምና ተማሪ የሚማረው እነሱኑ ነው። ደም ሥሩ ስለሚሰፋ ይቀላል ይሞቃል፣ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴል ወደ ሥጋው ስለሚወጣ ያብጣል። መጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ፣ ኢንተርሉኪን 8 ነው የሚጠራቸው። ቀጥሎ ማክሮፌጅ የሚባሉ ትልልቆቹ መጥተው የሞተውን ሁሉ እየበሉ ያጸዳሉ።

ከጽዳቱ በኋላ ጥገና ይጀመራል፣ እዚህ ጋ ሦስት ነገር ያዙልኝ ምክንያቱም በኋላ እንመለስባቸዋለን። አንደኛ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ሴሎች ተራቡ ይባላሉ። ሁለተኛ፣ አዲስ የደም ሥር ወደ ቁስሉ እንዲያድግ ይታዘዛል፣ ለሚሠራው ሴል ምግብና ኦክስጅን ያስፈልገዋላ። ሦስተኛ፣ የቆዳ ሴሎች በመደበኛ ጊዜ እንደ ጡብ ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው፣ ቁስል ሲኖር ግን ጫፍ ላይ ያሉት ከጎረቤታቸው ላላ ብለው እየተሳቡ ክፍተቱን ይሸፍናሉ። ሲጨርሱ ኢንተርሉኪን 10ን የመሳሰሉ «በቃ» የሚሉ ሳይቶካይኖች ይለቀቁና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይሄ ባይኖር ኖሮ አንድ የቢላ ጭረት ይገድለን ነበር።

ታዲያ ካንሰር ውስጥ እንዴት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ1863 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሩዶልፍ ቪርኾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እብጠቶችን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ውስጣቸው ነጭ የደም ሴል አገኘ፣ እና ካንሰር ለረጅም ጊዜ ተቆጥቶ የቆየ ቦታ ላይ ነው የሚነሳው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከመቶ ዓመት በላይ ብዙም አልተሰማም።

ከሁሉም በደንብ የሚያስረዳው የጨጓራ ነገር ነው፣ እኛም ሀገር በጣም የተለመደ ስለሆነ። ኤች ፓይሎሪን የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም መሰለኝ፣ እዚህ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ይገኝበታል። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን አሳድጎ በብርጭቆ ጠጥቶ የገዛ ጨጓራውን አስቆጥቶ ነው ምክንያቱ እሷ መሆኗን ያሳየው፣ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደሞ በ1994 ባክቴሪያዋን ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቧታል።

እንዴት መሰላችሁ የምታመጣው፣ ባክቴሪያዋ ጨጓራ ግድግዳ ላይ ስትቀመጥ ሴሎቹ ኢንተርሉኪን 8 ይነፋሉ፣ ኒውትሮፊሎች ይመጣሉ፣ እነሱ ደሞ ጀርም የሚገድሉት ኬሚካል በመርጨት ነው። ከሚረጩት አንዱ በረኪና ውስጥ ያለው ዓይነት ኬሚካል ነው፣ ቤት የምናጸዳበት በረኪና። ለአንድ ሳምንት ቢሆን ችግር የለውም፣ ግን ባክቴሪያዋ ካልታከመች ከልጅነት እስከ እርጅና ትቀመጣለች፣ ጥሩምባው 30 እና 40 ዓመት ሲነፋ ማለት ነው፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ። በረኪናው የራሳችንን ሴሎች ዲ ኤን ኤ ይጎዳል፣ የተጎዳው ሴል ይሞትና ሌላው ተራብቶ ይተካዋል፣ በተራባ ቁጥር ዲ ኤን ኤው እንደገና ይገለበጣል፣ በተገለበጠ ቁጥር ስህተት የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። በዛ ላይ የሳይቶካይኑ መልእክት ሴሉ ውስጥ ሲገባ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ማብሪያ ያበራል፣ እሱ በርቶ ሲቆይ ሴሉን «አትሙት፣ ጠንክር» ይለዋል። መሞት የነበረበት ስህተት የተሸከመ ሴል በዚህ ምክንያት ይተርፋል።

እንዲህም ሆኖ ኤች ፓይሎሪ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በጭራሽ ካንሰር አይዛቸውም። እሷ ስላለች ብቻ ማንም እንቅልፍ አይጣ።

ጉበት ላይም ተመሳሳይ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ለዓመታት ጉበትን እያስቆጡ ጠባሳ ያበዙበታል። የሲጋራ ጭስ ሳንባን፣ ለብዙ ዓመት የቆየ የትልቁ አንጀት ቁስለት ደሞ አንጀትን እንደዚሁ። የማህፀን በር ካንሰር ግን ትንሽ ይለያል፣ ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ የሴሉን ፍሬን የሚበጥሱ የራሱ ፕሮቲኖች ስላሉት ዋናው ሥራ የሱ ነው፣ መቆጣቱ አጋዥ ነው። የጡት ካንሰርም በአብዛኛው የሚታወቅ ኢንፌክሽን ኖሮ የሚጀምር አይደለም። በዓለም ደረጃ በ2018 ከተገኙት አዳዲስ ካንሰሮች ከኢንፌክሽን የመጡት 13 ከመቶ ገደማ ናቸው ተብሎ ተሰልቷል። ስለዚህ «የካንሰር እናት ኢንፍላሜሽን ነው» የሚለው ለአንዳንዱ ካንሰር እንጂ ለሁሉም አይሠራም።

ካንሰሩ አንዴ ከተፈጠረ በኋላስ ምን ያደርግለታል?

እሳቸው ካፌ ውስጥ ሲኒያቸውን ያስቀመጡት እዚህ ጋ ስንደርስ ነው። ምክንያቱም በመቆጣት ያልጀመረ ካንሰርም ቢሆን ሲያድግ መቆጣትን ራሱ ይፈጥራል። ብዙ ካንሰሮች ውስጥ የሚበላሹ ጂኖች አሉ፣ ራስ (RAS) የሚባለው ጂን አንዱ ነው፣ ጂኑ ሲበላሽ ሴሉ ማንም ሳይጎዳው ኢንተርሉኪን 6 እና 8 መልቀቅ ይጀምራል። ሞት በሌለበት ቤት ጥሩምባ እንደማስነፋት ነው። ሰፈሩ እውነት መስሎት ይነሳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያበስላል፣ የሚበላው ግን ካንሰሩ ነው።

ሃሮልድ ድቮራክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን የማይድን ቁስል ብሎ ጠርቶታል፣ እና ያዙልኝ ያልኳችሁን ሦስቱን ነገሮች አስታውሱ፣ ካንሰሩ የሚወስደው እነሱኑ ነው። ተራቡ የሚለውን ትዕዛዝ ለራሱ ያደርገዋል፣ ኢንተርሉኪን 6 ካንሰር ሴል ላይ ሲያርፍ ስታት 3 የሚባል ሌላ ማብሪያ ያበራና ሴሉ እየተከፈለ እንዲሄድ ያደርገዋል። የደም ሥሩንም ይወስዳል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጁዳ ፎክማን የሚባል ሐኪም በ1971 እንዳስረዳው ዕጢ የራሱን ደም ሥር ካላገኘ ከ1 ወይ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፣ የጤፍ ፍሬ አክሎ ይቀራል ማለት ነው። የተሰበሰቡት ማክሮፌጆች ግን ቪ ኢ ጂ ኤፍ የሚባል የደም ሥር የሚያሳድግ ፕሮቲን ይለቁለታል፣ ቁስል መስሏቸው።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ «ነጭ የደም ሴል ካንሰርን ይገድላል ይባል የለም እንዴ?» ብሎ ነው። ይገድላል፣ በተለይ ቲ ሴል የሚባሉት። ዕጢው ግን «በቃ» የሚሉትን ሳይቶካይኖችም ይጠቀማል፣ ኢንተርሉኪን 10 እና ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የሚባለውን እየለቀቀና ሌላውም እንዲለቅለት እያደረገ ቲ ሴሎችን ያደነዝዛቸዋል። የሚያበስሉለትን ይጠራል፣ የሚይዙትን ያስተኛል። ቲ ሴሎቹን የሚያነቁ አዲስ መድኃኒቶች አሉ፣ የነሱን መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል አግኝተዋል፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን ለኛ ሰው የሚቀመስ አይደለም።

ወደ ሌላ ቦታስ እንዴት ይሄዳል?

«ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ቤተሰብ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ከበሽታው ስም በላይ እሱ ነው ሰውን የሚያስቀምጠው። በካንሰር የሚሞተው አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ዕጢ ይልቅ በተሰራጨው ነው የሚሞተው።

ለመሰራጨት ካንሰር ሴሉ መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ መላቀቅ አለበት፣ ሦስተኛው ነገር ይሄ ነበር። ቲ ጂ ኤፍ ቤታና ሌሎች ሳይቶካይኖች ቁስል ላይ ለቆዳ ሴል የሚሉትን «ላላ በል፣ ተሳብ» ለካንሰሩም ይሉታል። ከዛ ደም ሥር ውስጥ ለመግባት ረዳት ይፈልጋል። አይጥ ላይ በጡት ካንሰር የታየው በጣም ይገርማል፣ ካንሰር ሴሉ ማክሮፌጁን የሚጠራ ፕሮቲን ይለቃል፣ ማክሮፌጁ ደሞ ካንሰር ሴሉን የሚጠራ ሌላ ፕሮቲን ይለቃል፣ ሁለቱ እየተጠራሩ ተያይዘው እስከ ደም ሥሩ በር ይሄዳሉ።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ ግን ሁሉም ቦታ አይበቅልም። ስቲቨን ፓጄት የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አይቶ በሽታው ጉበትና አጥንት ላይ ሲበዛ ሌሎች ብዙ ደም የሚደርሳቸው አካላት ላይ ግን ትንሽ ሆኖ አገኘው፣ ስለዚህ ነገሩ እንደ ዘርና መሬት ነው አለ። ጤፍ ቢበተን የተመቸው መሬት ላይ ነው የሚበቅለው። ምክንያቱ በከፊል የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 ነው፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ የአጥንት መቅኒና ሊምፍ ኖድ አንድ ኬሞካይን በብዛት ያመነጫሉ፣ የጡት ካንሰር ሴሎች ደሞ የሱን ተቀባይ አብዝተው ይዘው ተገኙ። ለነጭ የደም ሴል የተነፋውን ጥሪ ካንሰሩ እየሰማ ይሄዳል ማለት ነው።

አጥንት ላይ የሚሆነው ደሞ የከፋ ነው። አጥንታችን ሁሌ ይፈርሳል ሁሌ ይሠራል፣ አፍራሽ ሴሎች አሉ ገንቢ ሴሎች አሉ። የደረሰው ካንሰር ኢንተርሉኪን 6ን ጨምሮ የተለያዩ ምልክቶች ይለቅና አፍራሾቹን ያበዛቸዋል፣ አጥንቱ ሲፈርስ ውስጡ ተከማችቶ የነበረው ቲ ጂ ኤፍ ቤታ ይፈሳል፣ እሱ ደሞ ካንሰሩን ይቀልበዋል፣ ካንሰሩ ሲያድግ ተጨማሪ አፍራሽ ይጠራል። አጥንታቸው ላይ የደረሰባቸው ሰዎች እንደዛ የሚያማቸውና በቀላሉ የሚሰበሩት ለዚህ ነው። የአፍራሾቹን ሥራ የሚያቀዘቅዙ መርፌዎች አሉ፣ ሐኪም ሲያዝላችሁ «ለአጥንት ብቻ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

የካንሰር ታማሚ ለምን እንደዛ ይከሳል?

እዚህ ጋ ስንደርስ ስለ እህታቸው አነሱብኝ። «አልበላም እያለች ነው የሞተችው፣ በጉርሻ አስጨንቄያት ነበር፣ ተቆጥቻትም አውቃለሁ» አሉኝ።

የእህታቸው ጥፋት አልነበረም፣ የሳቸውም አልነበረም። ካንሰር ሲበረታ የሚመጣው መክሳት ተራ ረሃብ አይደለም። ጾመን ስንከሳ ሰውነት መጀመሪያ ስቡን ነው የሚያወጣው፣ ጡንቻውን እስከሚችለው ይቆጥባል። በካንሰር ጊዜ ግን ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6ና ቲ ኤን ኤፍ አንጎል ጋ ደርሰው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፣ ጡንቻ ጋ ደርሰው ፍረስ ይሉታል፣ ስለዚህ የበላው ሰው ራሱ ይከሳል። በ1985 አንድ የአሜሪካ የምርምር ቡድን እንስሳትን የሚያከሳ ፕሮቲን ለይቶ ሲያጣራ ከ10 ዓመት በፊት ዕጢ ገዳይ ተብሎ ስም የወጣለት ቲ ኤን ኤፍ ሆኖ አገኘው። አንዱ ፕሮቲን ዕጢም ይገድላል፣ ሰውም ያከሳል።

አሁን በዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ጂ ዲ ኤፍ 15 የሚባል አንጎልን ምግብ የሚያስጠላ ፕሮቲን አለ፣ እሱን የሚይዝ መርፌ የወሰዱ የከሱ የካንሰር ታማሚዎች ኪሎ መጨመራቸው በ2024 ታትሟል፣ ገና ሙከራ ላይ ነው። እስከዛው ግን ቤት ውስጥ የታመመ ያላችሁ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ፣ የሚወደውን ስጡት፣ አስገድዳችሁ አታጉርሱት፣ ለሐኪሙም ንገሩት። አለመብላቱን እንደ እምቢታ አትዩበት።

ሳይቶካይኑን በመድኃኒት ብንዘጋውስ?

ተሞክሯል። ካናኪኑማብ የሚባል ኢንተርሉኪን 1 ቤታን የሚዘጋ መርፌ አለ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጥቅቷቸው በተረፉና ሲአርፒያቸው ከፍ ባለ 10,061 ሰዎች ላይ ለልብ ተብሎ ተሞከረ። ውጤቱ በ2017 ሲወጣ ተመራማሪዎቹ ሌላ ነገርም አዩ፣ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት መሀል በሳንባ ካንሰር የሞቱት መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ77 ከመቶ አንሰው ነበር። ሁሉም ተደሰተ። ከዛ ግን በ2021ና በ2022 ሳንባ ካንሰር አስቀድሞ በያዛቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር አልሠራም። የመጀመሪያው ጥናት ላይም መርፌውን በወሰዱት መሀል በኢንፌክሽን የሞቱ በዝተው ነበር፣ ጥሩምባውን ዝም ስታሰኙት እውነተኛ ለቅሶ ሲኖርም ሰው አይመጣማ።

በሌላ በኩል ሳይቶካይን ራሱ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል። ኢንተርፌሮን ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር፣ ኢንተርሉኪን 2 ደሞ ከ1992 ጀምሮ ለኩላሊት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደው ተሰጥተዋል፣ የሚሰጡትም ጠባቂ ሴሎችን ለመቀስቀስ ነው። ስለዚህ ሳይቶካይን ሁሉ ይጥፋ የሚል ሰው ምን እያለ እንደሆነ አያውቅም።

አስፕሪንም ይነሳል። ሊንች የሚባል በዘር የሚወረስ የአንጀት ካንሰር ተጋላጭነት ያለባቸው ሰዎች ላይ ለዓመታት ሲወሰድ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ከዛ ውጪ ግን ጨጓራ ያደማል፣ አንጎል ውስጥም ደም ሊያፈስ ይችላል፣ በተለይ ኤች ፓይሎሪ በበዛበት ሀገር ራሳችሁ አትጀምሩት።

ሲአርፒዬ ከፍ ብሏል፣ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ሲአርፒ የካንሰር ምርመራ አይደለም። ቶንሲል፣ ሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ውፍረትም ጭምር ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ካንሰር ደሞ ሲጀምር ሲአርፒን ምንም አያነቃንቀውም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱም ዋስትና አይሆንም። የሚያስኬዳችሁ ምልክቱ ነው፣ ጡት ላይ ወይ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ሰገራ ላይ ደም፣ ከወር አበባ ውጪ መድማት፣ ሳምንታት ያለፈው ሳል። እነዚህ ካሉ ቶሎ ሂዱ። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፣ ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ላይ ደሞ ይብስበታል።

ስለ ቢጫው ዱቄት፣ እርድ ነው። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው እርድ ምንም አይልም፣ ብሉት። ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ላብራቶሪ ሳህን ላይ ኤን ኤፍ ካፓ ቢን ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል፣ ወሬው የመጣው ከዛ ነው፣ ግን ሰው ሲውጠው ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ ካንሰር ሲያድን አልታየም። በብዛት ተጠንክሮ በእንክብል የሚሸጠው ደሞ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር እንዲህ ዓይነት ነገር ባይነካ ይሻላል።

የረጅም ጊዜ መቆጣትን እውነት የሚያስቆም ነገር ግን አለ፣ አብዛኛውም እዚሁ ይገኛል። የጨጓራ ሕመም ያለው ወይ ቤተሰቡ ውስጥ የጨጓራ ካንሰር የነበረ ሰው ኤች ፓይሎሪ ይመርመር፣ ካለ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ሲሻለው ሳያቋርጥ ይጨርስ፣ ከጨረሰ ከአራት ሳምንት በኋላ መጥፋቷን ያረጋግጥ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይዘላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት ከ2007 ጀምሮ እየተሰጠ ነው እ.ኤ.አ.፣ ከዛ በፊት የተወለድን ግን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። የኤች ፒ ቪ ክትባት ለልጃገረዶች እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀምሯል፣ ትምህርት ቤት ሲመጡ ልጆቻችሁን አታስቀሩ፣ መካን ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው። ሲጋራና ሺሻ ያው ታውቁታላችሁ።

የሳቸውን 38 በተመለከተ ሐኪሙ ጋ አብሬ ገባሁ፣ አፋቸውን ሲያይ ከኋላ አንድ መንጋጋ ጥርስ መግል ይዞ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ በቅርንፉድ ሲያስታግሱት ነው የከረሙት። ታከመና ተነቀለ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደግመዋለን። እህታቸው በጡት ካንሰር ስለሞተች የጡት ምርመራም ተጽፎላቸዋል። ሄፓታይተስ ቢውን ደሞ ቅዳሜ ጠዋት ከልጃቸው ጋር መጥተው ሁለቱም ሊመረመሩ ተስማምተናል፣ ቆርቆሮውን ለወጥ ይዘውት ሄደዋል።